ቀለሙ አማረ፤ ምሰሶውስ?

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በሬክተር ስኬል 5.7 የተመዘገበ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። አዲስ አበባ ላይ፣ በተለይ ከፍ ባሉ ፎቆች የሚኖሩ ሰዎች፣ አልጋቸው ሲወዛወዝ ነቅተው ልጆቻቸውን አቅፈው ደረጃ ወረዱ። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ የካቲት 7 ቀን፣ መጠኑ 6.0 የሆነ ሌላ መጣ። በአፋርና በኦሮሚያ በኩል በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ፤ መሬት ተሰነጠቀ፤ ቤት ፈረሰ። በመዲናዋ በዚያ ሰሞን ከታክሲ እስከ ቡና ቤት የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ያለንበት ሕንፃ ይችለዋል ወይ?»

ከዚያ መሬቱ ጋብ አለ። ጥያቄውም አብሮት ጋብ አለ። መልስ ግን አላገኘም።

በነዚያው ወራት ከተማዋ ሌላ ሥራ ላይ ነበረች። በኮሪደር ልማቱ መስመር ያሉ የሕንፃ ባለቤቶች የሕንፃቸውን ፊት እንዲያድሱ፣ እንዲቀቡ፣ መብራት እንዲገጥሙ ታዘዙ። አብዛኞቹም አደረጉት። በጥቂት ወራት ውስጥ ዋና ዋና ጎዳናዎች መልካቸውን ለወጡ። ስለ ልማቱ ደግም ክፉም ሊባል ይችላል፤ አንድ ነገር ግን አስመስክሯል። የከተማ አስተዳደር ከፈለገ የግል ሕንፃ ባለቤትን በራሱ ወጪ ሕንፃውን እንዲያድስ ማድረግ ይችላል። «አቅም የለንም፣ ሕዝቡ እሺ አይልም» የሚባለው ሰበብ ከእንግዲህ አይሠራም።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸ ነው፦ ለቀለም የተገኘው ጉልበት ለምሰሶ ለምን አልተገኘም? መወጣጫው በቆመበት፣ ልስኑ በተላጠበት፣ ሱቁ በተዘጋበት በዚያው ጊዜ ሕንፃው መሬት ሲናወጥ ይቆም እንደሆነ የጠየቀ ማን ነው? ውጪው አምሯል። ውስጡን ግን፣ እንደ ወጉ፣ ለቄስ ትተነዋል።

«አዲስ አበባ ሩቅ ናት» የሚለው ማጽናኛ

ፈንታሌ ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር ወደ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ይህን ርቀት እንደ ጋሻ የሚቆጥሩ ብዙዎች ናቸው። የታሪክ መዝገቡ ግን እንደዚያ አያጽናናም። በምኒልክ ዘመን፣ ነሐሴ 1898 ዓ.ም.፣ በስምጥ ሸለቆው የተነሣና መጠኑ ወደ 6.8 የሚገመት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አናውጧል። እ.ኤ.አ. በ1961 በሰሜን ሸዋና በወሎ ወሰን ለወራት የቆየ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አውድሟል፣ ካራ ቆሬን ክፉኛ ጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ በአፋር የሰርዶን ከተማ አፈራርሶ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ይህን ሁሉ ታሪክ በአንድ ጥራዝ ሰብስቦ ያሳተመው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን የመሠረተው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን ነው። መጽሐፉ ከወጣ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ አደጋው ያልታወቀ ነው ማለት አይቻልም።

ልዩነቱ ይኸ ነው፦ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ የድንኳን፣ የጎጆና የጭቃ ቤት ከተማ ነበረች። እንጨትና ጭቃ ቀላል ነው፤ ሲወዛወዝ ይለመጣል፤ ቢወድቅም የሚወድቀው ከአንድ ሰው ቁመት ብዙም የማይበልጥ ግድግዳ ነው። ዛሬ ሰው ጭንቅላት ላይ ያለው ሶሌታ ነው።

ርቀትም ቢሆን ለፎቅ ቤት ሁልጊዜ አይበጅም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲን ያፈራረሰው መንቀጥቀጥ የተነሣው ከከተማዋ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በውቅያኖስ ዳርቻ ነበር። ከተማዋ ያረፈችበት የጥንት ሐይቅ ለስላሳ አፈር ንዝረቱን አጉልቶ፣ በተለይ ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸውን ሕንፃዎች መታ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ምያንማር ውስጥ የተነሣ መጠኑ 7.7 የሆነ መንቀጥቀጥ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ባንኮክ በግንባታ ላይ የነበረ ከ30 ፎቅ በላይ ሕንፃ በሰከንዶች ውስጥ ወደ ክምር ለወጠው። በዙሪያው የነበሩት ሌሎች ፎቆች ግን ቆመው ቀሩ። ከርቀት የሚመጣ ንዝረት ዝግ ያለና ረጅም ነው፤ ዝግ ያለ ንዝረት ደግሞ አጭሩን ቤት አልፎ ረጅሙን ያነቃንቃል። በፈንታሌው ወቅት በምድር ቤት የተኛው ሰው ሳይሰማው ስምንተኛ ፎቅ ያለው የነቃው ለዚህ ነው። አዲስ አበባም በቦሌና በሌሎች ሜዳማ አካባቢዎቿ በዋልካ አፈር ላይ የተሠሩ ሰፈሮች አሏት።

ኮዱ አድጓል፤ ሕንፃው ግን እዚያው ነው

ስለ ሕንፃ ደኅንነት ሲነሣ ባለሥልጣናት ሁልጊዜ የሚጠቅሱት «አገሪቱ የሕንፃ ኮድ አላት» የሚለውን ነው። እውነት ነው፣ አላት። ዝርዝሩን ሲያዩት ግን ያስጨንቃል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኮድ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ሕንፃ የመሬት ስበትን 5 በመቶ የሚያህል የመሬት ግፊት ታስቦ እንዲነደፍ ያዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የአውሮፓውን ኮድ መሠረት አድርጎ የወጣው ይህን ቁጥር ወደ 10 በመቶ አሳደገው። ለአዳማ ደግሞ 15 በመቶ ሆነ።

ቁጥሩ የጨመረው ምድሪቱ በሃያ ዓመት ስለከፋች አይደለም። መለኪያው ስለተለወጠ ነው። አሮጌው ኮድ በ100 ዓመት አንዴ የሚመጣን መንቀጥቀጥ ያስብ ነበር፤ አዲሱ በ475 ዓመት አንዴ የሚመጣውን ያስባል። ይህም ማለት በ50 ዓመት የሕንፃ ዕድሜ ውስጥ የመድረስ ዕድሉ ከአሥር አንድ የሆነውን ማለት ነው። ብዙ አገሮች ለመኖሪያ ቤት የሚጠቀሙበት ልክ ይኸው ነው። በሌላ አነጋገር አገሪቱ ራሷ በራሷ ሰነድ «ከዚህ በፊት የጠየቅሁት ያንስ ነበር» ብላ አምናለች።

ታዲያ ከዚያ በፊት የተሠሩትስ? እዚህ ላይ ዝም ይባላል። አዲሱ ኮድ የሚመለከተው አዲስ የሚሠራውን ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተገነቡት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የኮንዶሚኒየም ቤቶች፣ ከጎናቸው የበቀሉት የግል ሕንፃዎች፣ ክሊኒክ የሆኑት መኖሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤት የሆኑት ፎቆች፣ አብዛኞቹ በአሮጌው ሒሳብ የተነደፉ ናቸው። ሒሳብ ተደርጎላቸው ከሆነ ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ይወድቃሉ ማለት አይደለም። በአሮጌ ኮድ የተነደፈ ሆኖ በጥንቃቄ የተሠራ ሕንፃ፣ በአዲሱ ኮድ ተነድፎ በግዴለሽነት ከተሠራው ይልቅ ሊቆም ይችላል። ችግሩ የትኛው የትኛው እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ሳይመረመር ሁሉን አደገኛ ማለት ሽብር ነው፤ ሳይመረመር ሁሉን ደኅና ማለት ደግሞ ቁማር ነው።

በሽታው የት ነው?

የግንባታ ሠራተኛ ሁሉ በሚያውቀው ቋንቋ ነገሩን ማስቀመጥ ይቻላል። አንደኛው ምድር ቤቱ ነው። በየመንገዱ ዳር የቆሙ ሕንፃዎች ከላይ ያሉት ፎቆች በብሎኬት ግድግዳ የተሞሉ፣ ምድር ቤቱ ግን ለሱቅ ተብሎ ክፍት የተተወ፣ ፊቱ መስታወት ብቻ የሆነ ነው። መሬት ወደ ጎን ሲገፋ የላይኛው ክፍል እንደ አንድ ድፍን ሳጥን ሲንቀሳቀስ፣ መተጣጠፉ ሁሉ የሚያርፈው በታችኞቹ ምሰሶዎች ላይ ነው። እነሱ ከተሰበሩ ቀሪው ፎቅ ሳይፈርስ እንዳለ ቁጭ ይላል። በብዙ አገሮች ከመንቀጥቀጥ በኋላ በሚነሡ ፎቶዎች ላይ አንድ ፎቅ የጎደለው ሕንፃ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ስታፋ ነው። ምሰሶ ውስጥ ረጃጅሙን ፌሮ አቅፎ የሚይዘው ቀጭን ብረት ማለት ነው። ምሰሶና ቢም በሚገናኙበት አካባቢ ስታፋው ጥቅጥቅ ማለት፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ታጥፎ ኮንክሪቱን መንከስ አለበት። ሥራው ሲቻኮል ግን ስታፋው ይራራቃል፣ ጫፉም በዘጠና ዲግሪ ብቻ ይታጠፋል። በሰላሙ ቀን ልዩነቱ አይታይም። በመንቀጥቀጥ ቀን ግን ያ ጫፍ ይከፈትና ፌሮው እንደ ተፈታ ጭራሮ ይበተናል። ልስን ከተለሰነ በኋላ ይህን በዓይን ማየት አይቻልም፤ በመሣሪያ ግን ኮንክሪት ሳይሰበር ማየት ይቻላል።

ሦስተኛው ከርክክብ በኋላ የሚደረገው ነው። በፈቃድ ላይ ያልነበረ ተጨማሪ ፎቅ፣ ሱቅ ለማስፋት የፈረሰ ግድግዳ፣ ለቧንቧ ተብሎ የተቦረቦረ ቢም፣ ጣሪያ ላይ የተደረደረ ሮቶ። ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 50 ኩንታል ነው። አራቱ ሲደረደሩ 200 ኩንታል እህል ጣሪያ ላይ እንደመጫን ነው፤ ያውም ሲወዛወዝ የሚላጋ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ነዋሪው ሮቶ ባይሰቅል ምን ያድርግ? ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም። የክብደቱን ቦታ ያሰበለት ግን አልነበረም።

ለእነዚህ ሁሉ መድኃኒት አለ። ደካማ ምሰሶን በአዲስ ፌሮና ኮንክሪት ማልበስ፣ በብረት ማዕዘን ማሰር፣ በካርቦን ጨርቅ መጠምጠም፣ ክፍት በሆነው ምድር ቤት በተመረጡ ቦታዎች የኮንክሪት ግድግዳ ማቆም፣ የብሎኬቱን ግድግዳ ከምሰሶው ጋር ማያያዝ፣ ሮቶውን ወደ መሬት ማውረድ። አንዳንዱ ሥራ ውድ ነው፤ አንዳንዱ ከቀለም ይረክሳል።

ኃይል ቆጣቢ ሕንፃ ማለት በዚህ አገር ምን ማለት ነው?

በአውሮፓ ሕንፃ ማደስ ሲባል በዋናነት የሚታሰበው የክረምት ማሞቂያ ወጪን መቀነስ ነው። ያን ሐሳብ እንዳለ ገልብጦ ማምጣት ለአዲስ አበባ አይሆንም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዓመቱን ሙሉ ለስላሳ አየር ያላት ከተማ ናት። በአግባቡ የተሠራ ቤት ማሞቂያም ማቀዝቀዣም አይፈልግባትም። ይህን ጸጋ ያበላሸነው ራሳችን ነን፤ ፀሐይ ፊት ለፊት የሚገርፈው ሙሉ መስታወት የለበሰ ቢሮ ሠርተን፣ መስኮቱ እንዳይከፈት አድርገን፣ ከዚያ አየር ማቀዝቀዣ እንገጥማለን። ባለ መስታወቱ ፎቅ በደረቅ ወር ከሰዓት በኋላ እቶን ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሕንፃ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከውጪ የሚገጠም የፀሐይ መከላከያ፣ የሚከፈት መስኮት፣ አየር የሚያሳልፍ አደራደር። የቆርቆሮ ጣሪያ ላለው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ደግሞ ከጣሪያው ሥር የሙቀትና የብርድ መከላከያ ማልበስ ቀን ከሙቀት፣ ሌሊት ከብርድ፣ በክረምት ደግሞ መምህሩን እንዳይሰማ ከሚያደርገው የዝናብ ጩኸት ያድናል።

ነገሩ ይበልጥ የሚጠነክረው ከአዲስ አበባ ሲወርዱ ነው። አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሠመራ፤ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ከመሬት መንቀጥቀጥ ጋር ሙቀትንም አብረው ወርሰዋል። የኮዱ ቁጥር ከፍ የሚልባቸው ቦታዎች ማራገቢያና ማቀዝቀዣ የሚበዛባቸው ቦታዎች ናቸው። እዚያ ጣሪያን ሲያድሱ ስለ ሙቀት ብቻ ማሰብ፣ ምሰሶን ሲያጠናክሩ ስለ መንቀጥቀጥ ብቻ ማሰብ ሁለት ጊዜ መወጣጫ መትከል፣ ሁለት ጊዜ ተከራይ ማስወጣት፣ ሁለት ጊዜ መለሰን ነው። አንድ ላይ ቢሠራ ወጪው ይጋራል።

አንድ ላይ አለማሰብ ደግሞ ወጪ ብቻ ሳይሆን አደጋም አለው። ኃይል ለመቆጠብ ተብሎ ጣሪያ ላይ የሚሰቀል የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ከነታንከሩ ክብደት ነው። አሮጌ ግድግዳ ላይ የሚገጠም ከባድ መስታወት ሕንፃው ሲወዛወዝ መንገድ ላይ ለሚሄደው ሰው ስለት ነው። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው በሽታ እንዳይሆን ሁለቱን የሚያይ አንድ ዓይን ያስፈልጋል።

«ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት አለን፣ ኃይል መቆጠብ ለምን?» የሚል ይኖራል። መልሱ አጭር ነው። እዚህ ያልባከነው ኃይል ለጎረቤት ተሽጦ ዶላር ያመጣል፤ የሰፈር ትራንስፎርመር የሚቃጠለውም ግድቡ ውኃ ስላጠረው አይደለም። የታሪፉም ጭማሪ በየቤቱ ደርሷል።

ከሁሉም የሚበልጠው ቁጠባ ግን የሚረሳው ነው፤ እርሱም አለማፍረስ። የኢትዮጵያ መብራት በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ ጭሱ ትንሽ ነው። ሲሚንቶው ግን እንደዚያ አይደለም። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል፣ የማገዶው ጭስ ሳይቆጠር፣ ከራሱ ከድንጋዩ ብቻ ለእያንዳንዱ ቶን ክሊንከር ግማሽ ቶን ያህል የካርቦን ጋዝ ይወጣል። ፋብሪካዎቹ የሚያነዱት ድንጋይ ከሰልም ለዓመታት በውጭ ምንዛሪ ሲገባ ቆይቷል። ቆሞ ያለ ሕንፃ የሲሚንቶው፣ የብረቱና የጉልበቱ ወጪ አንዴ የተከፈለ ነው። እሱን አፍርሶ ሌላ ማቆም ያን ሁሉ ጥሎ እንደገና መክፈል ነው። ስለዚህ በዚህ አገር ከሁሉ በላይ ኃይል ቆጣቢ የሚባለው ሕንፃ አዲሱና የሚያብረቀርቀው ሳይሆን፣ ተጠናክሮ ሌላ 50 ዓመት እንዲያገለግል የተደረገው አሮጌው ነው።

እዚሁ የተሠራ ሥራ

ይህ ሁሉ የባዕድ አገር ቅንጦት ለሚመስለው፣ አስረጂው ከመስቀል አደባባይ ጥቂት እርምጃ ርቆ ይገኛል። በአርቱሮ መዘዲሚ ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት የአፍሪካ አዳራሽ በተባበሩት መንግሥታት ወጪ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። ለሥራው የተፈቀደው በጀት ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሕንፃው የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ተጠናክሯል፣ መስታወቱ ኃይል በሚቆጥብ ተተክቷል፣ የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት ሥዕል በጥንቃቄ ታድሶ ቦታው ላይ ቆሟል። መልኩ ግን ያው የ1961 መልክ ነው።

የትኛውም ቀበሌ ትምህርት ቤት 57 ሚሊዮን ዶላር አያገኝም፤ አያስፈልገውምም። ቁም ነገሩ ሐሳቡ ነው። ደኅንነት፣ ኃይል ቁጠባና ቅርስ በአንድ ሥራ፣ በአንድ ዕቅድ ተሠሩ። የፈንታሌው መንቀጥቀጥ ከተማዋን ባናወጠበት በዚያው ሰሞን የተጠናከረ አሮጌ ሕንፃ በመሐል ከተማ ቆሞ ነበር። ከጎኑ ስላሉት ግን ማንም ምንም አላለም።

ከሌላው ስሕተት መማር

ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2009 በላኩዊላ 309 ሰው ቀበረች፤ የተማሪዎች ማደሪያ ተንዶ ወጣቶችን ገድሏል። ከዚያም ቤቱን ለሚያጠናክር ከግብር የሚቀነስለት ሕግ አወጣች። እ.ኤ.አ. በ2020 ይህንኑ አስፍታ ለኃይል ቁጠባም ለመንቀጥቀጥ መከላከያም ከወጣው ወጪ 110 በመቶውን መንግሥት እንዲሸፍን አደረገች። ውጤቱ ምን ሆነ? ባለቤቱ ከኪሱ ስለማይከፍል በዋጋ የሚከራከር ጠፋ፤ የግንባታ ዋጋ ናረ፤ ማጭበርበር በዛ፤ መንግሥትን ከ120 ቢሊዮን ዩሮ በላይ አስወጣው። አብዛኛው ገንዘብ የሄደውም ወደ ሙቀት መከላከያው ነው። ግድግዳው ሞቆ ምሰሶው እንዳለ የቀረ ቤት ብዙ ነው። ትምህርቱ ሁለት ነው፦ ሙሉ በሙሉ ነጻ የሆነ ገንዘብ አትስጥ፤ ምሰሶውን ሳታረጋግጥ ልብሱን አታልብስ።

ቱርክም ሁለት መልክ አላት። በአንድ በኩል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ኢስታንቡል ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶችና ሆስፒታሎችን በብድር እያጠናከረች ቆይታለች። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2018 ያለ ፈቃድ ለተሠሩ ሕንፃዎች በክፍያ ምሕረት ሰጠች። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023፣ በደቡብ ምሥራቋ ከ53,000 በላይ ሰው ሞተ። መሬት ምሕረት የተሰጠበትን ወረቀት አታነብም።

ትልቁ እንቅፋት ገንዘብ ብቻ አይደለም

ገንዘብ ችግር ነው። ይበልጥ የሚከብደው ግን እምነት ማጣት ነው። አንድ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግድግዳው ላይ መስመር ያለው ስንጥቅ ቢያይ ለወረዳው ይናገራል? በብዛት አይናገርም። በጂፕሰም ይደፍነዋል። «ሕንፃው አደገኛ ነው» ከተባለ የሚከተለው ጥገና ሳይሆን ማፈናቀል ይሆናል ብሎ ይፈራል። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ወደ ከተማ ዳር የሄዱትን አይቷል። ባለ ሱቁ ኪራዩን፣ ባለ ቤቱ የመሸጫ ዋጋውን ያስባል። ስለዚህ አደጋው የሚታወቀው ለሚያውቁት ብቻ ሆኖ በልስን ሥር ተደብቆ ይኖራል።

ይህን ሳይፈቱ ምርመራ ማወጅ ከንቱ ነው። ሕጉ በግልጽ ሊል የሚገባው ይኸ ነው፦ በምርመራ ደካማ የተባለ ሕንፃ የመጀመሪያ መፍትሔው ማጠናከር ነው፤ ባለቤቱና ነዋሪው በቦታው የመቆየት መብት አለው፤ ለሥራው ቢወጣ እንኳ የሚመለስበት ቀን በጽሑፍ ይሰጠዋል። መፍረስ ያለበት አንዳንድ ሕንፃ ይኖራል። የማጠናከሪያው ወጪ ከአዲስ ግንባታ ግማሹን ካለፈ ብዙ መሐንዲሶች አፍርሶ መሥራትን ይመርጣሉ። ያን ጊዜም ውሳኔው በገለልተኛ ባለሙያ ሪፖርት፣ ይግባኝ በሚባልበት መንገድ እንጂ በአንድ ሌሊት ቀይ ኤክስ በመቀባት መሆን የለበትም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ከትምህርት ቤቶችና ከሆስፒታሎች ይጀመር። የመጀመሪያው ዙር ምርመራ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። የሠለጠነ መሐንዲስ በቅጽ እየሞላ፣ ሕንፃውን ዞሮ አይቶ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ «ይህ ደኅና፣ ይህ ጥናት የሚፈልግ» ብሎ መለየት ይችላል። በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስመርቋቸው የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች በመምህራኖቻቸው ቁጥጥር ለዚህ ቢሰማሩ ሥራም ያገኛሉ፣ ከተማም ታተርፋለች።

ሁለተኛ፣ የፊት እድሳት ፈቃድ ከምሰሶ ምርመራ ጋር ይታሰር። የሕንፃን ፊት ለመቀየር፣ ምድር ቤትን ለመክፈት፣ መስታወት ለመግጠም የሚጠይቅ ሁሉ የመዋቅር መሐንዲስ ፊርማ ያቅርብ። አዲስ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም፤ ያለው ፈቃድ ሰጪ አንድ ተጨማሪ ገጽ ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ የኮንዶሚኒየም ማኅበራት አቅም ይኑራቸው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ምሰሶውንና ጣሪያውን የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ንብረት አድርጎታል። የጋራ የሆነው ግን በብዙ ሳይት የማንም ሆኖ ቀርቷል። ማኅበሩ የሚሰበስበው መዋጮ ለጥበቃና ለጽዳት ነው። ለመዋቅር ጥገና የተለየ ተቀማጭ ቢኖር፣ የመንግሥት ድርሻም በተዋጣው ልክ ቢታከልበት፣ የጣሊያንን ስሕተት ሳይደግሙ የጣሊያንን ጥቅም ማግኘት ይቻላል።

አራተኛ፣ ባንኮች ይግቡበት። የኮንዶሚኒየም ብድር ለሃያ ዓመት የሚከፈል ነው፤ ሕንፃው ከወደቀ ዋስትናውም አብሮ ይወድቃል። ለማጠናከሪያ የሚሰጥ ረጅም ብድር ለባንኩ ራሱ መድን ነው። በመብራት ወጪ የሚቀነሰውም ለብድሩ ክፍያ ትንሽ እገዛ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ውጤቱ ለሕዝብ ይገለጽ። የትኛው ትምህርት ቤት ተመረመረ፣ የትኛው ተጠናከረ፣ የትኛው ቀረ፤ በወረዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ልጁን የሚልክ ወላጅ የማወቅ መብት አለው።

ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት አያልቅም። በሃያ ዓመት የሚሠራ ሥራ ነው። ሃያ ዓመት ረጅም የሚመስለው ግን ለፖለቲከኛ እንጂ ለስምጥ ሸለቆ አይደለም። ሸለቆው በየዓመቱ በሚሊ ሜትር እየተከፈተ ነው፤ የሰው የበጀት ዘመን አያሳስበውም፤ የሚቀጥለውን ቀንም አስቀድሞ አይናገርም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ፈንታሌ ለአዲስ አበባ ያደረገው ማስጠንቀቂያ ከዚህ በላይ ርኅሩኅ ሊሆን አይችልም፤ አልጋ አነቃንቆ፣ ሰው ሳይገድል ተመለሰ። ያን ጊዜ «ሕንፃው ይችለዋል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ነዋሪ ጥያቄውን ለማኅበሩ ስብሰባ፣ ለወረዳው፣ ለልጁ ትምህርት ቤት በጽሑፍ ሊያቀርበው ይገባል። ቀለም ቀቡ ያለው አካል ስለ ምሰሶውም መልስ ሊሰጥ ግዴታ አለበት።